ቆሎ ሰበረኝ

በዐቢይ ጾም፣ የመጻጉዕ ሳምንት ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረሰንበት ከጎጇቸው ደጃፍ ደም በደም ሆነው ተገኙ። እኔ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳም በእግር ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እስክደርስ እሳቸውን በቃሬዛ አንሥተው ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። የጠበቀኝ ደም የነካው የደጃፍ ድንጋይ፣ የተደፋ የውሃ ጣሳና አቧራው ላይ የተበተነ የሽምብራ ቆሎ ነው። መንደሩ በሙሉ እላዩ ላይ ቆሟል። መንደር ሙሉ ሰው በረገጠው ቦታ ዱካ መፈለግ ምን እንደሚመስል ፖሊስ የሆነ ያውቀዋል።

ስሜ ቴዎፍሎስ ነው፤ ወንጀል መርማሪ ነኝ፣ ማዕረጌ ኢንስፔክተር። ይህን ነገር የምጽፈው የሚያኮራ ሥራ ስለሠራሁበት አይደለም።

መምህሩን ያገኟቸው እማሆይ ካሰች የሚባሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው።

"ነፍሳቸውን ያውቁ ነበር፣ እማሆይ?"

"ያውቁ ነበር ልጄ። አገጫቸው ወደ ጎን ዞሯል፣ ደሙ ባፋቸው ይወርዳል። 'የኔታ፣ ማነው እንዲህ ያረግዎ?' አልኋቸው። 'ቆሎ ሰበረኝ' አሉኝ። ደገሙና 'ቆሎ ሰበረኝ'። ኸዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸው።"

"ቆሎ ብቻ?"

"ቆሎ ብቻ። አንተስ ምን መሰለህ? የኔታ መቼ ነገር በቀጥታ ተናግረው ያውቃሉ!"

ከበው የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቆሎ እየለመነ ስለሚማር የቆሎ ተማሪ ይባላል። ቆሎ ጥርስ ሲሰብር አይተናል፤ መንጋጋ ሰብሮ ሰው ሲዘርር ግን ማንም አላየም። ስለዚህ ሰሙ ቆሎ ነው፣ ወርቁ የቆሎ ተማሪ። የኔታ "ውሃ አምጡልኝ" ሲሉ እንኳ ሁለተኛ ትርጉም የሚፈልግ መንደር ይህን ለመፍታት ጊዜ አልፈጀበትም። እኔም በልጅነቴ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ፣ ትንሿን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ እንኳ ሳልሞላ የጠፋሁ ሰው ነኝ። ቅኔው ቢያመልጠኝም ከሰሙ ሥር ወርቅ መቆፈሩ አለቀቀኝም፤ መርማሪ ያደረገኝ እሱ ነው እያልኩ ባልደረቦቼ ፊት እኩራራ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ "ተማሪ" ብዬ ጻፍኩና ሁለቴ አሰመርኩበት።

"ተማሪዎቹ ሁሉም አሉ?"

"ያረጋል የለም" አሉ እማሆይ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰኞ ኸሠርክ ጸሎት በኋላ የኔታ ሲቆጡት ሰምቻለሁ። 'ገዝቼሃለሁ!' አሉት። ባጥር ማዶ ነበርኩ፣ በምን ምክንያት እንደሁ አልሰማሁም።"

መምህር የገዘተውን ተማሪ ሌላ ጉባኤ አያስጠጋውም። የስምንት ዓመት ትምህርት በአንድ ቃል ገደል ገባ ማለት ነው። የወንጀሉ ምክንያትም ተገኘ ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ዕለት ያረጋል ቡሬ መናኸሪያ ላይ ተያዘ።

*

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ልጅ። የተማሪ ከረጢቱን፣ አኩፋዳውን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጥኩት፤ ድርቆሽ፣ ዳዊት፣ በወረቀት የተጠቀለለች ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ከፍ የምትል ጥቁር ላስቲክ። በኤግዚቢት መዝገቡ ላይ "አንድ ጥቁር የላስቲክ ቁራጭ" ብዬ መዘገብኳት።

"ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የት ነበርክ?"

"ቡሬ።"

"ቡሬ ምን ትሠራለህ?"

ዝም።

"ማን አየህ?"

ዝም።

"የኔታ ለምን ገዘቱህ?"

"ያሰረ ሳይፈታ የታሰረ አይናገርም፣ ጋሼ።"

"እኛ ዘንድ ደግሞ የሚናገረው የታሰረው ነው!" አልኩት። በቀልዴ ጠባቂው ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።

"የኔታ እንዴት ናቸው?" አለኝ ሲወጣ። "ውሃ ይወርድላቸዋል?"

አስመሳይ ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ከማንኩሳ ቡሬ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ዘጠኝ ተኩል ላይ መትቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት ይቻላል።

የሐኪሙ ወረቀት ሁለት መስመር ነው፤ የግራ መንጋጋ አጥንት ስብራት፣ የኋላ ራስ ቅል ስንጥቅ። ምን እንደሰበረው አይልም። "በዱላ" የምትለዋን ቃል የምርመራ ሪፖርቱ ላይ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ከወረቀቱ ጋር በፖስታ ትልቅ የራጅ ፊልም መጥቶ ነበር። ፖስታውን መዝገቡ ውስጥ አያያዝኩት እንጂ አልከፈትኩትም። ስብራቱን ከሐኪም ቃል አውቄዋለሁ፣ ምን አየዋለሁ አልኩ።

ሐሙስ ጧት የኔታ ሳይነቁ ዐረፉ። የድብደባው መዝገብ የግድያ መዝገብ ሆነ።

*

የሟች ታናሽ ወንድም ባምላኩ ቀብሩን ጨርሶ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጣ። ገበሬ ነው፣ ትከሻው በሩን ይሞላል። ጠመንጃውን ውጭ ለጥበቃው አስረክቦ ገባ።

"ጌታው፣ ገዳዩ እናንተ ዘንድ ነው አሉኝ።"

"ተጠርጣሪ ነው። ሕግ ይፈርዳል።"

"ይፍረድ። ከዘገየ ግን እኔ ቅርብ ነኝ። እናቴ ኸሱ ሌላ ወንድም አልወለደችልኝም።"

መንደሩ ደግሞ ሌላም ነገር ሹክ ብሎኝ ነበር፤ ወንድማማቾቹ በአባታቸው መሬት ወሰን ተኳርፈው ከርመዋል። ስለዚህ ጠየቅኩት።

"ማክሰኞ የት ዋልክ፣ ባምላኩ?"

ፊቱ ደም ለበሰ። "እኔን ነው?"

"ሁሉንም እጠይቃለሁ።"

"ሽንዲ፣ ለቅሶ። ማን አየህ ካሉኝ ደግሞ ሽንዲ በሙሉ!"

ስልክ ደወልኩ። እውነቱን ነው፤ ከእሁድ እስከ ረቡዕ ሽንዲ ነበር፤ የወንድሙን መርዶ የሰማውም እዚያው ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። እሱም ወጥቶ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። ያረጋል በዋስ ቢፈታ ሁለት መቶ እርምጃ እንደማይሄድ ገባኝ። ልጁ ካልተፈታ ደግሞ እኔው ነኝ ለፍርድ የማቀርበው፣ "በዱላ" ብዬ በጻፍኳት ቃል።

*

የኔታ ካረፉ ከአሥር ቀን በኋላ የምስክር ቃል ለማሟላት ወደ ኪዳነ ምሕረት ተመለስኩ። ሬሳውን ያጠበው ክንፈሚካኤል የሚባል ሌላ ተማሪያቸው ነው።

"የዱላው ሰንበር በየት በኩል ነበር?"

"ሰንበር አልነበረም።"

"ጢማቸው ሸፍኖት ይሆናል።"

"ጢማቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቆዳቸው ደህና ነው። እብጠት ነበረ፤ እሱ ግን የቆየ ነው።"

"የቆየ?"

ወደ እማሆይ ጎጆ አየት አደረገ። "ጥር ላይ ጥርሳቸውን አስነቅለው ነበር። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ውሃ ሲጠጡ በግራ ከንፈራቸው ይፈሳል፣ እሳቸው አይታወቃቸውም። እኛም ነውር ነው ብለን ያላየን መሰልን። ያረጋል ብቻ ነው በነጠላው ጫፍ የሚጠርግላቸው።"

ውሃ ይወርድላቸዋል? ብሎ ያረጋል የጠየቀኝ ትዝ አለኝ።

"የት ነው ያስነቀሉት?"

"ቡሬ። ያረጋል ነው ደግፎ የወሰዳቸው።"

ቢሮ ስገባ ኮፍያዬን እንኳ ሳላወልቅ ኤግዚቢት ሳጥኑን ከፈትኩ። ያቺን የላስቲክ ቁራጭ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንሥቼ አየኋት። ሁለት ጥርሶች ከነሥራቸው ታዩኝ። ወዲያው ወደ ስልክ አልሄድኩም፤ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የጥርስ ራጅ አስሬ ከርሜያለሁ።

*

ዶክተር ሜላት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምትሠራ ወጣት የጥርስ ሐኪም ናት። ምንም አልነገርኳትም፤ ፊልሟን ብቻ ሰጠኋት። መብራቱ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ይታይዎታል፣ ኢንስፔክተር?"

"ጥርስ።"

"ሁሉም ሰው ጥርሱን ነው የሚያየው። እስቲ ጥርሱን ይተዉትና ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ።"

ከሥሩ ጥቁር ነው።

"ጤነኛ አጥንት በፊልም ላይ ነጣ ብሎ፣ በውስጡ ክር ክር ይታይበታል። እዚህ ክር የለም። ከታች ድረስ ባዶ ነው፣ ፊልሙ ግን ትንሽ ስለሆነ የባዶውን መጨረሻ አያሳይም። በሽተኛው ትልቅ ራጅ ተነሥተዋል?"

ከመዝገቤ ውስጥ ያልተከፈተውን ፖስታ አወጣሁ። ስትከፍተው ፊቷን እያየሁ ነበር። ፊልሙን መብራቱ ላይ አድርጋ የመንጋጋውን ጠርዝ በጣቷ ተከተለች።

"እኚህ ሰው በሕይወት አሉ?"

"የሉም።"

"ከመጨረሻው ጥርስ ጀምሮ እስከ ጆሮ ሥር ድረስ አጥንቱን ከውስጥ ጨርሶታል። የቀረው ጠርዙ ነው፣ እሱም የእንቁላል ቅርፊት ያህል ቀጥኗል። ዕጢ ነው። ዓመታት ፈጅቷል። ሳያሳምም ስለሚያድግ ማንም አይጠረጥረውም። ከንፈራቸውን ይደነዝዛቸው ነበር?"

"ውሃ ይፈስባቸው ነበር።"

"እሱ ነው።"

"ስብራቱስ? እኔ በዱላ ብዬ ጽፌያለሁ።"

"ጤነኛ መንጋጋ የሚሰብር ዱላ ቆዳውን አይምርም፤ ምልክት ነበረ?"

"አልነበረም።"

"ይህን ለመስበር ደግሞ ዱላ አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ነገር ማኘክ ይበቃዋል።"

"እንደ ምን ያለ?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "ቆሎ።"

ስለ ቆሎው አንዲት ቃል አልተነፈስኩላትም ነበር። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። የሚሞት ሰው፣ አፉ ተሰብሮ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርን በቀጥታ ተናገረ። የሰማው አልነበረም። ሁላችንም ሰሙን አልፈን ወርቁን ፍለጋ ሄድን፣ ወርቅ ብለን ያገኘነውም አንድ ምስኪን ልጅ ነው።

"የራስ ቅላቸውስ?" አልኳት።

"በዚያ ሕመም ሰው ራሱን ይስታል። ወደ ኋላ ከወደቁና ድንጋይ ካገኛቸው..."

የደጃፉ ድንጋይ።

"ለስላሳ ብቻ ቢበሉ ኖሮስ?"

"ለፋሲካ ይደርሱ ነበር። ጥር ላይ ታውቆ ባሕር ዳር ቢላኩ ደግሞ ይድኑ ነበር።"

*

ቡሬ ላይ ጥርሱን የነቀለው ባለሙያ ይሄይስ ይባላል። የግል ክሊኒኩ አንድ ክፍልና አንድ አግዳሚ ወንበር ናት። ፊልሟን ሲያያት ወዲያው አወቃት።

"ይቺን አንድ ተማሪ ይዟት መጥቶ ነበር።"

"መቼ?"

"በመጻጉዕ ሳምንት፣ ማክሰኞ። ወረፋ ስለነበረ ጠብቅ አልኩት። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚች አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ውሃ እንኳ ብሰጠው ጾም ነው አለኝ።"

"ምን አለህ?"

"ምንም! ነገሩ ገርሞኛል። ፊልሟን ዘረጋልኝና የራሱን ጉንጭ በእጁ ያዘ። እንባው ይወርዳል፣ አፉ አይናገርም። ቁስሉ እንዳልዳነ ገባኝና 'ነገ አምጣቸው' አልኩት። አላመጣቸውም።"

ልጁ ተገዝቷል፣ ግዝቱንም አልጣሰም። ስለ ሕመማቸው ለማንም እንዳይናገር ነው የኔታ ያሰሩት። ስለዚህ ሳይናገር ተናገረ። ያሰረ ሳይፈታ የታሰረ አይናገርም ሲለኝ እኔ የእስር ቤቱን መሰለኝና ቀለድኩበት። ከቅኔ ቤት የጠፋሁት ያለ ነገር አይደለም።

ፊልሟን ወደ መስኮቱ አነሣሁለት። "ጥር ላይ ይህን ጥቁሩን አላየኸውም?"

ይሄይስ አየ። ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ።

"ጥርሴን አመመኝ ብለው መጡ፣ ጥርሱን አየሁ" አለ። "የተጠየቅኩት ጥርስ ነው፣ ኢንስፔክተር። ከሥሩ ያለውን... ለስላሳ ይብሉ ብቻ ብዬ ሸኘኋቸው።"

ልቆጣው ነበር የመጣሁት። ምን አፍ አለኝ? እኔም ገዳይ ፈልግ ተባልኩ፣ ገዳይ አየሁ።

*

ባምላኩን ቢሮ አስጠራሁት። ትልቁን ራጅ መስኮቱ ላይ ለጥፌ በጣቴ አሳየሁት። ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ። ገበሬ ነው፤ ማንም አላስረዳውም።

"ነቀዝ የበላው በቆሎ ነው እኮ!" አለ። "ኸላይ ደህና መስሎ... ወይ ወንድሜን! ይህን ተሸክሞ ነው ሲያስተምር የኖረው?"

ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደግፎ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ መመልከት አልወድም፤ መዝገብ የማገላብጥ መሰልኩ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ደርቋል።

"ሐኪሙ ለስላሳ ይብሉ ብሎ ነበር አሉኝ?"

"ብሎ ነበር።"

"ታዲያ ያን ደረቅ ቆሎ ማነው የሰጠው? እያወቀ የሰጠ ካለ፣ ጌታው፣ እሱ ኸዱላ ምን ለየው?"

"አጣራለሁ" አልኩት።

ያረጋልን ካለበት ክፍል ራሴ ሄጄ ከፈትኩለት። ሁሉን ነገርኩት፤ ፊልሟን፣ ዕጢውን፣ የይሄይስን ምስክርነት። "ግዝቱን አልጣስክም። የተናገረው ፊልሙ ነው" አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ልጁ እንደ ወረቀት ነጣ።

"ቆሎው ነው የሰበራቸው?"

"ቆሎው ነው።"

ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። "እኔ ነኝ የቆላሁት፣ ጋሼ። ሁልጊዜ ማታ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፍላቸው ነበር፣ በማግስቱ ለስልሶ እንዲያገኙት። ሰኞ ከገዘቱኝ በኋላ አኩርፌ ሳልዘፈዝፈው ተኛሁ። ጧት ደግሞ መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ። ደረቁን አስቀምጬላቸው ሄድኩ። እሳቸው የዘፈዘፍኩት መስሏቸዋል። ከንፈራቸው ደንዝዞ ምኑን ይለዩት?"

አሥራ ስምንት ዓመት የእምነት ቃል ተቀብያለሁ። እንደዚህ ያለ አልሰማሁም። መንደሩ ከመነሻው ትክክል ነበር ልበል? ቆሎም፣ የቆሎ ተማሪም። የኔታ ያን ጊዜም ሁለት ነገር ተናግረው ይሆን? አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም።

"ዶክተሯ በእንጀራም ይሰበር ነበር ብላለች" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ይዋሻሉ፣ ጋሼ።"

"አዎ።"

"ለወንድማቸው እነግራቸዋለሁ። የገዘቱኝ ስለ መንጋጋቸው እንዳልናገር ነው። ስለ ቆሎው አልገዘቱኝም።"

ከበሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ባምላኩ ተቀምጧል። ጠመንጃውን ዛሬም ለጥበቃው አስረክቧል፤ ሲሄድ ይመለስለታል። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ መገዘት አልችልም። ያለኝ ሁለት ዓመት የተማርኩት ትርጓሜ ብቻ ነው።

"ስማ" አልኩት። "መንጋጋና ቆሎ ምን ለያቸው? የኔታ ስለ መንጋጋዬ አትናገር ሲሉህ መንጋጋው የሚያኝከውንም ጨምረው ነው። ቆሎው ሰሙ ውስጥ አለ። የኔታ ሞቱ እንጂ አልፈቱህም።"

ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቃሎቹን ሲመዝናቸው አየሁ፣ የተማሪ ልማድ ነው። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ።

መዝገቡን ስዘጋ ስለ መዘፍዘፍ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ለባምላኩ "የልመና ቆሎ ነው፤ ለተማሪ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይታወቃል እንዴ?" አልኩት። ያልኩት ውሸት አልነበረም። ባምላኩ ልጁን ትከሻና ትከሻውን ይዞ "ይቅር በለኝ፣ ልገድልህ ነበር" አለው። ከዚያም "አርባው ላይ የምትቀኝለት አንተ ነህ" አለ።

*

አርባው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ዋለ። መቅረት ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ግን ወሰደኝ። ያረጋል መቋሚያውን ይዞ ቆመና በግእዝ ተቀኘ። ሲፈታ እንዲህ ይላል፤ ደረቅ ዘር ያኖረ ገበሬ ውሃ ሳያጠጣው ሄደ፤ ሲመለስ መሬቱ ተሰንጥቆ ቆየው።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው ፈቱት። ዘሩ ተማሪዎቹ ናቸው፣ ውሃው የየኔታ ትምህርት፤ ሳያጠጧቸው ሄዱ፣ አገሩ በኀዘን ተሰነጠቀ። እማሆይ ካሰች ደረታቸውን መቱ። ባምላኩ ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ "ይበል!" አለ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ።

ያረጋል በሰዉ መሃል እኔን ይፈልግ ነበር። ሲያገኘኝ ዓይኑን አልነቀለም።

"ይበል" አልኩ እኔም።